የአዲስ አበባ ወንዞች፦ ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፊንፊኔ ላይ ቤት ያሠሩት ፍልውሃውን ወደው ነው። ከእንጦጦ ደቡባዊ ተዳፋት የሚነሱት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡና ሌሎች ጅረቶች በምሥራቅ ለትልቁ አቃቂ ወንዝ፣ በምዕራብ ለትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገብራሉ። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ከጋራው ጫፍ እስከ ግድቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስላለ፣ የሚያሰርገው አፈር ያላገኘ ዝናብ የትም ሳይቆም አቃቂ ይደርሳል።

የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ሲያልቅ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባህር ዛፍ ገባ። ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው፤ ይህ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ከሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ አፈሩም ከጎርፍ ጋር ይወርዳል።

ትልቁ ጉዳት የሚጀምረው ግን ከየግቢው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ሲጥል 100 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ 3,000 ሊትር ያወርዳል። ድሮ ይህ ውሃ ከጌሾውና ከጎመኑ ሥር ይሰርግ ነበር። አሁን ግቢው ሊሾ ሆኗል፤ ውሃው ከአሸንዳ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ በደቂቃዎች ይደርሳል። ወንዙ ሐምሌ ላይ ድልድይ የሚያሰጋው፣ የካቲት ላይ ደግሞ የሚቀጥነው በዚሁ ሳቢያ ነው። ኮብልስቶን እንኳ መገጣጠሚያው በአሸዋ ሲሞላ ትንሽ ያሰርጋል፤ በሲሚንቶ ሲደፈን ምንም አያሰርግም።

በበጋ ወንዙ ውስጥ የሚታየው ውሃ አብዛኛው ፍሳሽ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ከመጥራት ይልቅ ቱቦውን ወደ ቦይ መልቀቅ የተለመደ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ክሮሚየም ይዞ ይመጣል። በዚህ ውሃ የሚለማ ሰላጣና ቆስጣ በደንብ ሲታጠብ የትል እንቁላሉ ይቀንሳል፤ በሥሩ የገባው እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት ግን በማጠብ አይወጣም።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳር ልማት 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ዳሩን ማጽዳት ደግ ሥራ ነው፤ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ወደ ወንዙ የሚገባ እያንዳንዱ ቱቦ በበጋ በእግር ተፈልጎ መዘጋት አለበት፤ በበጋ የሚፈስ ቱቦ የዝናብ ሊሆን አይችልምና። ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ውሃውን ያፈጥነዋል፣ ጉዳቱንም ታች ላለው ሰፈር ያሻግራል። ተዳፋት ተደርጎ ከውሃው አጠገብ ቄጠማ፣ ከፍ ብሎ ቀርከሃ የተተከለበት ዳር ግን ጎርፉን ያበርደዋል፣ ደለሉንም ይይዛል።

ያልተያዘው ሁሉ የሚጠራቀመው አባ ሳሙኤል ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች አንዱ የሆነው ይህ ቦታ ደለል ሞልቶታል፤ ከከተማው በሚወርደው ፍሳሽ የተመገበው እምቦጭም ውሃውን አልብሶታል።