«ሌሎች ይዋጉ፤ አንቺ ግን፣ ኦስትሪያ ሆይ፣ አግቢ»

ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው ቤት፣ የሀብስበርግ ነገሥታት ታሪክ በተነሳ ቁጥር አንድ የላቲን አባባል አብሮ ይነሳል፦ «ቤላ ጌራንት አሊ፣ ቱ ፌሊክስ አውስትሪያ ኑቤ»። «ሌሎች ይዋጉ፤ አንቺ ዕድለኛዋ ኦስትሪያ ግን አግቢ» ማለት ነው። ተከታዩ ስንኝ ምክንያቱን ይነግረናል፦ የጦርነት አምላክ ማርስ ለሌሎች የሚሰጠውን ግዛት ላንቺ ቬነስ ትሰጥሻለች። ሌላው በሰይፍ የሚይዘውን አገር ኦስትሪያ በሰርግ ታገኘዋለች እንደ ማለት ነው።

መነሻው ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ነው። እሱ ዘንድ ግን የመንግሥት ወሬ የለም። ባሏ ወደ ትሮይ የዘመተባት ላኦዳሚያ «ሌሎች ይዋጉ፤ ፕሮቴሲላዎስ ግን ያፍቅር» ብላ ትጽፋለች። ይህን ለኦስትሪያ ያዞረው የሃንጋሪው ንጉሥ ማቲያስ ኮርቪነስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን አልቀበለውም። ማቲያስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1490 ነው። ለአባባሉ ስም ያወጡለት ትልልቅ ጋብቻዎች ደግሞ አብዛኞቹ የተፈጸሙት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሰርግ የበርገንዲ ነው። መስፍኑ ደፋሩ ቻርልስ በ1477 መጀመሪያ ናንሲ ላይ በውጊያ ሞተ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ዛሬ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ የምንላቸው ሀብታም ከተሞች ያሉበት ርስት ለልጁ ለማሪ ሆነ። ገና 20 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። የፈረንሳዩ ሉዊ 11ኛ ጊዜ ሳያባክን ጦር አዘመተባት። እሷም በዚያው ዓመት ጌንት ከተማ ውስጥ የ18 ዓመቱን የሀብስበርግ ልዑል ማክሲሚሊያንን አገባች። ሙሽራው ሚስት አገኘ፤ ከፈረንሳይ ጋር የብዙ ዓመት ጦርነትም አብሮ መጣለት። ማሪ በ1482 አደን ላይ ከፈረስ ወድቃ ሞተች።

ሁለቱ ልጆቻቸው ከስፔን ቤተ መንግሥት ጋር ተጋቡ። ፊሊፕ ልዕልቷን ህዋናን፣ ማርጋሬት ወንድሟን አልጋ ወራሹን ህዋንን። ህዋና ዙፋን ላይ ትወጣለች ብሎ ለማሰብ ብዙ ሰው መሞት ነበረበት። ሞቱም። ህዋን በ1497 አረፈ። ታላቅ እህቱ ኢሳቤላ በ1498 በወሊድ ሄደች። ሕፃን ልጇ ሚጌል ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1500 ተከተላት። ስፔን ለህዋና፣ ከዚያም ለልጇ ለቻርልስ 5ኛ የደረሰችው በዚህ መንገድ ነው። አባባሉ ሰርጉን ያወድሳል፤ አገር ያስገኘው ግን የሌላው ቤት ሐዘን ነው። ይህን ሳይነግሩ አባባሉን መጥቀስ ልክ አይመስለኝም።

የቪየናው ሰርግ ደግሞ ልብ ይነካል። ጁላይ 22 ቀን 1515 በቅዱስ ስቴፋን ካቴድራል የቦሄሚያና (የዛሬዋ ቼክ ምድር) የሃንጋሪዋ ልዕልት አና ለጋብቻ ቆመች። 12 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። አጠገቧ የቆመው የ56 ዓመቱ ማክሲሚሊያን ራሱ ነው፣ በልጅ ልጆቹ በቻርልስና በወንድሙ በፈርዲናንድ ስም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያገባት ገና አልተቆረጠም። ልጅቷ ቃል ስትገባ ባሏ ማን እንደሆነ አታውቅም! የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ሉዊ ደግሞ የማክሲሚሊያንን የልጅ ልጅ ማሪን አገባ።

በመጨረሻ አናን ያገባት ፈርዲናንድ ነው። ሉዊ በ1526 ሞሃች ላይ ኦቶማኖችን ገጥሞ በ20 ዓመቱ ሞተ። ልጅ አልተወም። ፈርዲናንድ በሚስቱ በኩል የሁለቱን አገር ዘውድ ጠየቀ። ቦሄሚያ ተቀበለችው። ሃንጋሪ ላይ ግን ሌሎች መኳንንት ያኖሽ ዛፖያን ስላነገሡ መዋጋት ግድ ሆነበት። አና 15 ልጆች ወልዳለች፤ በ1547 የመጨረሻዋን በወለደች በቀናት ውስጥ ሞተች።

ቤተሰቡ ያገኘውን ርስት ላለማስነካት ኋላ እርስ በርሱ መጋባት አበዛ። የስፔኑ ፊሊፕ 4ኛ የገዛ እህቱን ልጅ ማሪያናን አገባ። ልጃቸው ካርሎስ 2ኛ ዕድሜውን ሙሉ ታማሚ ነበር፤ በ1700 ያለ ወራሽ ሞተ። በዙፋኑ ምክንያት ኦስትሪያና ፈረንሳይ የገቡበት ጦርነት ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የስፔን ዘውድም ለፈረንሳዩ ቤት፣ ለቡርቦኖች ሆነ።