ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም

ልምድ በሌለው ሰው እጅ የገባ ሥራ ለቁም ነገር አይደርስም፤ የተረቱ ፍቺ ይኸው ነው። ጀማሪ ሠራተኛ ያበላሸውን ሰነድ ያየ አለቃም፣ በልጅ የላኩት መልእክት ተዛብቶ የደረሰባቸው እናትም ይተርቱታል።

መነሻው ጓዳ ነው። የጤፍ ዱቄት በቡሃቃ ከውሃና ከእርሾ ጋር ታሽቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላይ የቀረረው ውሃ ይደፋና አብሲት ይጣልበታል፤ ያኔ ሊጡ ኩፍ ይላል። በደንብ ካልታሸ ይጓጉላል፣ ውሃ ከበዛበትም እንጀራው ዓይን አያወጣም። ቡሃቃው ለሕፃን እጅ የማይሰጠው ለዚህ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ተረቱ ልጅን ከጓዳ ማባረሪያ ሲሆን ነው። ዛሬ የተቦካ ሊጥ፣ ባለሙያ ሴት ብታቦካውም፣ ለዛሬ ራት አይደርስም! ተረቱ ራቱን በልጅ እጅ ላይ የጣለውን አዋቂ ይወቅሳል እንጂ ልጅ አያቡካ አላለም።

ይህን አያቶች በደንብ ያውቃሉ። አራት ኪሎ አካባቢ እናትና አባት በጠዋት ታክሲ ሊሳፈሩ ሲጣደፉ፣ ልጁ የሚውለው ከአያቱ ጋር ነው። አያት ትንሽ ሊጥ በሳህን ለይታ ትሰጠዋለች። «እማማ፣ እንጀራ ለምን ዓይን አለው?» ሲላት «ነገ ክዳኑን ከፍተህ እይ» ትለዋለች። በማግስቱ አረፋውን ያያል። በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት የሚያወጡት ጋዝ ነው፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። የጋዙን ስም በኋላ ትምህርት ቤት ይማረዋል።

ወንድ አያትም የራሱ ጓዳ አለው፤ እሱ መንገድ ላይ ነው። አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት ጋ ሲደርሱ ልጁ «አባባ፣ ይሄ የምንድን ነው?» ይላል። አባባም ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 መሆኑን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡትም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 መሆኑን ነግሮት «በል፣ በመሀሉ ስንት ዓመት አለ?» ይለዋል። ልጁ በጣቱ ቆጥሮ አምስት ይላል፤ ከዚያ «ታዲያ አርበኞቹ ጫካ ውስጥ ምን ይበሉ ነበር?» ብሎ ይቀጥላል። አባባ ስለ በሶውና ስለ ቆሎው እያወራለት ወደ ፒያሳ ይሄዳሉ።