ተፋሰስ ምንድን ነው? (ወረዳ አይደለም፣ እርከንም አይደለም)

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ «ጅማ ተፋሰስ» ጽፎ አነበብኩ። በአጋሮ አካባቢ የተሠራውን እርከንና የተተከለውን ችግኝ ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በዚህ ምክንያት የግልገል ጊቤ ግድብ ከደለል ይተርፋል ብሎ ደመደመ። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ አይቼ አልፌያለሁ፤ ይሄኛውን ግን ማለፍ አቃተኝ።

የጅማ ዞን አለ፣ የጅማ ከተማም አለች። የጅማ ተፋሰስ የሚባል ነገር ግን የለም። ተፋሰስ ማለት በላዩ የዘነበው ውሃ ተሰብስቦ በአንድ መውጫ በኩል የሚያልፍበት መሬት ሁሉ ነው። ስለዚህ መውጫውን ሳይናገር ስለ ተፋሰስ የሚያወራ ሰው ገና ምንም አላለም። በጅማ ከተማ መሃል በሚያልፈው በአዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመን ይሄ ውሃ ከየት መጣ ብንል አንድ ተፋሰስ እናገኛለን። ግድቡ ጋ ሄደን ብንጠይቅ ሌላ ሰፊ ተፋሰስ ይመጣል፤ የአዌቱም በውስጡ ነው። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ቦታ ላይ ብንቆም ደግሞ ወደ 79,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኦሞ ጊቤ ተፋሰስ ይሆናል፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ጠቅልሎ ይዟቸዋል።

ባለ ሁለት ፊት የቆርቆሮ ጣሪያ አስቡ። በወዲህኛው ፊት የወረደው ዝናብ በወዲህኛው አሸንዳ ወደ እኛ በርሜል ይገባል፤ በወዲያኛው ፊት የወረደው ወደ ጎረቤት ግቢ ይሄዳል። ከጅማ ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድ ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ የዚህን ጣሪያ አናት ያቋርጣል። ከአናቱ ወዲህ፣ በጅማ በኩል ያለው ውሃ ግልገል ጊቤ ወንዝ ገብቶ ከጊቤና ከኦሞ ጋር ወደ ቱርካና ይጓዛል። ወዲያ፣ በአጋሮ በኩል ያለው የዴዴሳን ወንዝ ይዞ ዓባይ ይገባል፣ ከዚያ ግብፅን አልፎ ሜድትራንያን ባሕር። በአጋሮ የሚሠራ እርከን ለአጋሮ ማሳና ለዴዴሳ ይጠቅማል፤ ይሠራ፣ ይበርታ። ከግልገል ጊቤ ግድብ ግን አንድ እፍኝ ደለል አያስቀርም። የወረዳ ካርታ ዘርግቶ የውሃ ሥራ ማቀድ የጎረቤትን ጣሪያ ጠርጎ የራስን በርሜል ውሃ እንደመጠበቅ ነው።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ1997 ዓ.ም. የግብርናው መሥሪያ ቤት ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን አነስተኛ ተፋሰስን የሥራ ክልል አደረገ። ለመንደር ሥራ ትክክለኛ ልክ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ በበጋው ዘመቻ ቃሉ ከዶማና ከእርከን ጋር ብቻ ሲነሣ ኖሮ፣ ዛሬ ተፋሰስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የተቆፈረ ተዳፋት ነው። ይባስ ብሎ ያው አስተያየት ሰጪ «ተፋሰስ የገበሬ ጉዳይ ነው፣ ከተማው ምን አገባው?» ይላል።

በጣም ያገባዋል እንጂ! ከጅማ ከተማ በላይ ባለው የጅሬን ኮረብታ ላይ የወረደው ዝናብ ቁልቁል የሚመጣው ወዴት ነው? አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። የጅማ ሰው ቤትም፣ ገበያም፣ ጋራዥም፣ አስፋልትም ተፋሰሱ ውስጥ ነው። ከመኪና እጥበት የወጣው ዘይትና ከቦይ የተጣለው ፌስታል የሚሄዱበት መንገድ የገበሬው አፈር ከሚሄድበት ጋር አንድ ነው። ቦዬ ውሃውን አዘግይቶ ጭቃውን ያስቀራል፤ ረግረጉ ለጡብ ሲቆፈርና ዳሩ በባሕር ዛፍ ሲያዝ ይህን ሥራውን እያጣ ይሄዳል።

ወንዝ ዳር ንጣፍ ማንጠፍና አበባ መትከል አልጠላም፣ ለእግር ጉዞ ደስ ይላል። ግን አሸንዳ ቀለም መቀባት ነው። ጣሪያው ላይ ቆሻሻ ካለ አሸንዳው ቢያበራም በርሜሉ አይጠራም።

የእሸት ቡና ማጠቢያዎችን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያቆምና ወንዙ ሲቀንስ፣ ስኳር የበዛበት የቡና እጣቢ ይለቀቅበታል። ስኳሩን የሚበሉት ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ዓሣው ያልቃል። እርከን ይሄን አያቆምም፤ ማጣሪያ ኩሬ፣ ቁጥጥርና ቅጣት ናቸው የሚያቆሙት።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ንግግር ይሻላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽ ወደ ውሃ ለመልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የውሃ አካል ዳርቻ ተከልሎ ዛፍ መቁረጥና ቤት መሥራት የሚከለከልበትንም መንገድ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 534/1999 ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና የተፋሰስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶችን አመጣ፤ አስተዳደሩ የውሃውን ድንበር እንዲከተል ታስቦ ነበር። ኋላ መዋቅሩ እየተለዋወጠ መጥቶ ሥራው በ2014 ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። በጀትና የሥራ ሪፖርት ግን ዛሬም በወረዳ ነው።

የጣሪያው ምሳሌ የሚከሽፍበት ቦታም አለ። ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም፣ አፈር ግን ይጠጣል። ጥር ላይ ጠብታ ሳይወርድ ግልገል ጊቤ የሚፈሰው ክረምት ወደ መሬት የሰረገው ውሃ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ነው። ከተማው ሲሰፋ ምሳሌው ይበልጥ እውነት እየሆነ መምጣቱ ነው የሚያሳዝነው፤ መሬቱ በቆርቆሮና በአስፋልት ሲሸፈን ክረምት ጎርፍ ይጨምራል፣ በጋ ወንዙ ይመነምናል። የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ከላይ የሚታየውን የተራራ አናት ድንበር ሁልጊዜ አያከብርም፤ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ለብቻው ማስጠናት አለበት።

«እርከን ተሠርቶ በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ ካልጠራ ሥራው ከንቱ ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት ዓመታት የታጠበው አፈር በየሸለቆው ግርጌና በወንዙ ወለል ላይ ተኝቷል። ከላይ የሚመጣው ቢቆም እንኳ ጎርፉ ያንን እየቀሰቀሰ ለብዙ ክረምት ያወርደዋል። ለውጡን መለካት የፈለገ በመውጫው ላይ የውሃ መጠንና ደለል ዓመት ከዓመት ይመዝግብ፤ የእርከን ኪሎ ሜትር መቁጠር ሌላ ሥራ ነው።