የዕድገት ሥነ ልቦና፦ ከፅንሰት እስከ ጉርምስና

የዕድገት ሥነ ልቦና የሰው አካል፣ አስተሳሰብ፣ ስሜትና ማኅበራዊ ሕይወት ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ያጠናል። ዛሬ ጥናቱ እስከ እርጅና ቢዘልቅም፣ ዘርፉ ብልሃቱን ያስመሰከረው ገና አፍ ባልፈቱ ሕፃናት ላይ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ልጁ ይዞት የነበረውን ማስታወሻ በ1877 አሳተመ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የዊልሄልም ፕራየር የልጅ አእምሮ ጥናት በጀርመንኛ ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው)።

ከማኅፀን ጀምሮ

የቅድመ ልደት ዕድገት በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የዳበረው እንቁላል እየተከፋፈለ ሄዶ ማኅፀን ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው የሽል ዘመን የዋና ዋና ብልቶች መሠረት ይጣላል፤ ከዚያ እስከ ልደት ያለው የፅንስ ዘመን ነው። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ብዙ ሴቶች በዚያን ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም፤ ቱቦው በሚገባ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ከእርግዝና በፊት ጀምሮ እንዲወሰድ የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ጎጂ ነገር የሚያደርሰው ጉዳት በጊዜው ይወሰናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ ይህን በመራራ መንገድ አሳይቷል፤ እጅና እግራቸው ሳይሟላ የተወለዱት ሕፃናት እናቶቻቸው መድኃኒቱን የወሰዱት እነዚህ አካላት በሚፈጠሩባቸው ሳምንታት ነበር።

ፅንስ ድምፅም ይሰማል። አንቶኒ ዲካስፐርና ዊልያም ፋይፈር በ1980 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ወተት የማይወጣበት የጡጦ ጫፍ እንዲጠቡ ተደረገ። ሕፃኑ በመጥባትና በመጥባት መካከል የሚወስደውን ፋታ ሲያስረዝም ወይም ሲያሳጥር የእናቱ ድምፅ ይሰማል፤ አለዚያ የሌላ ሴት ድምፅ። ሕፃናቱ የእናታቸው ድምፅ እንዲሰማ ፋታቸውን ለወጡ።

የመጀመሪያው ዓመት

አራስ ልጅ ጉንጩ ሲነካ አፉን ወደ ነካው ነገር ያዞራል፣ መዳፉ ላይ የተደረገለትን ይጨብጣል፣ ሲደነግጥ እጆቹን ይዘረጋል። ዓይኑ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ከሌላው ይልቅ ያያል፤ ይህም ያቀፈው ሰው ፊት የሚገኝበት ርቀት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ዓመት ሲሞላቸው ገደማ ይራመዳሉ፤ ሆኖም 9 ወር ላይ የተራመደም 18 ወር የጠበቀም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

የዘርፉ ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980) የገዛ ልጆቹን በቅርብ ተከታትሎ፣ ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረ ነገር እንዳለ መኖሩን የሚረዳው ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ነው አለ። ማስረጃው ግልጽ ነበር፦ አሻንጉሊቱን በጨርቅ ሲሸፍኑበት ልጁ አይፈልገውም። ግን ላይፈልገው የሚችለው እጁ ገና ስላልታዘዘለት ይሆናል። ረኔ ባያርዦንና ባልደረቦቿ በ1985 እጅን ትተው ዓይንን ጠየቁ። የአምስት ወር ሕፃናት ፊት አንድ ሰሌዳ እየተነሣ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ከኋላው ሣጥን ተቀምጧል። ሰሌዳው ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ቢቆም ሕፃናቱ ብዙም አይገረሙም፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለፈ መስሎ ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ያፈጣሉ። ተቺዎች ልጆቹን የሳባቸው የእንቅስቃሴው አዲስነት ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ጉዳዩ እልባት አላገኘም። ያም ሆኖ ሙከራው ዘርፉ ከሚኮራባቸው አንዱ ነው።

በቋንቋ በኩል ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲዝ በ1984 እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል የሚያድጉ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት ወላጆቻቸው የማይለዩአቸውን የሂንዲ ድምፆች ይለያሉ፤ ዓመት ሲሞላቸው ይህ ችሎታ አብዛኛው ይጠፋል።

ቁርኝት

ጆን ቦውልቢ ልጅ ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው ቁርኝት ከምግብ ያልመነጨ፣ ራሱን የቻለ ተፈጥሯዊ ፍላጎት መሆኑን አስረዳ። ሐሳቡን በተግባር የፈተነችው ሜሪ ኤይንስወርዝ ናት፤ መጀመሪያ በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ቀጥሎም ባልቲሞር። በፈተናዋ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ለአጭር ጊዜ ከእናቱ ይለያል፤ ዋናው የሚታየው ግን ልቅሶው ሳይሆን እናቱ ስትመለስ የሚያደርገው ነው። በዚህም ሦስት ዓይነት ልጆች ተለዩ፦ ቀርቦ የሚጽናና፣ ፊቱን የሚያዞርና ተጣብቆም የሚቆጣ፤ ሜሪ ሜይንና ጁዲት ሰለሞን በኋላ ምላሹ የተዘበራረቀውን አራተኛ ጨመሩ። የየዓይነቱ ድርሻ ከአገር አገር ይለያያል፤ በሰሜን ጀርመን በተደረገ ጥናት ፊት የሚያዞሩት፣ በጃፓን ደግሞ የሚቆጡት በርከት ብለው ተገኝተዋል።

ከሁለት ዓመት እስከ አሥራ አንድ

በዚህ ዘመን ልጁ የሌላውን ሰው ሐሳብ ከራሱ መለየት ይጀምራል። በሃይንዝ ዊመርና ዮሴፍ ፐርነር ሙከራ (1983) አንድ ልጅ ቸኮላቱን አስቀምጦ ሲወጣ እናቱ ቦታውን ትቀይራለች። ሲመለስ የት ይፈልገዋል? የሦስት ዓመት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አሁን ያለበትን ቦታ ያመለክታሉ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ብዙዎቹ ልጁ የተወበትን ይጠቁማሉ። በ37 ዓመቱ ያረፈው ሌቭ ቪጎትስኪ በበኩሉ ልጅ የሚመዘነው ብቻውን በሚሠራው ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው እገዛ በሚደርስበትም ነው ብሏል። ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ከሞላው በኋላ ደግሞ ውሃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ጠባብ ቢገለበጥ መጠኑ እንደማይለወጥ ይገባዋል።

ጉርምስና

የአካል ለውጡ በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስታንሊ ሆል በ1904 ይህን ዕድሜ የማዕበል ዘመን አድርጎ ሣለው፤ የዛሬ ጥናቶች ግን ብዙዎቹ ወጣቶች ያለ ከባድ ቀውስ እንደሚያልፉት ያሳያሉ። ራስን የመግታትና የማቀድ ሥራ የሚበዛበት የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ይበስላል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 እንዳሳተሙት፣ ጎረምሶች በኮምፒውተር የመንዳት ጨዋታ ላይ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ይበልጥ ይደፍራሉ፤ በአዋቂዎች ላይ ይህ አልታየም።

ኤሪክ ኤሪክሰን የዚህን ዕድሜ ፈተና የማንነት ጥያቄ አድርጎታል። ጄምስ ማርሻ በ1966 ጥያቄውን ወደሚመዘን ነገር ለወጠው፦ ወጣቱ አማራጮችን መርምሯል ወይ? ወስኗልስ? ሳይመረምር የወላጆቹን ምርጫ የተቀበለና መርምሮ እዚያው የደረሰ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በማርሻ መለኪያ ግን ተለያይተው ይመደባሉ።