የኮሚክ «ፋክሲሚሊ እትም» ምንድን ነው?

ፋክሲሚሊ እትም የሚባለው ከብዙ ዓመታት በፊት የወጣ አንድ የኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ) መጽሔት፣ ታሪኩ ብቻ ተነጥሎ ሳይሆን ከፊት ሽፋኑ እስከ ጀርባ ሽፋኑ፣ በመካከል ያሉት ማስታወቂያዎች፣ የአንባቢያን ደብዳቤዎች፣ የአዘጋጁ መልእክትና የያኔው ዋጋ ሳይቀሩ ገጽ በገጽ እንደነበረ ሆኖ በባለመብቱ አሳታሚ እንደገና ሲታተም ነው። ማርቭልና ዲሲ የተባሉት ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ አሳታሚዎች በተለይ ከ2019 ወዲህ (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያሉ እትሞችን አዘውትረው ያወጣሉ። ለዚህ የሚመርጧቸውም ሰብሳቢዎች «ቁልፍ» የሚሏቸውን ቁጥሮች፣ ማለትም አንድ ዝነኛ ሱፐርሂሮ (ልዩ ኃይል ያለው ጀግና) ለመጀመሪያ ጊዜ የታየባቸውን ወይም በታሪኩ ሂደት ውስጥ ትልቅ ለውጥ የመጣባቸውን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ኅትመት መነሻ የኦሪጂናሎቹ ዋጋ ነው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1፣ ሰኔ 1938 የሚል ቀን በሽፋኑ ላይ ይዞ በ10 ሳንቲም ለገበያ ሲቀርብ፣ ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የገጸ ባሕርይውን ሙሉ መብት ለአሳታሚው ያስረከቡት በ130 ዶላር ነበር። በ2024 ግን ከዚያው እትም አንድ በደንብ የተጠበቀ ቅጂ በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። በዚያ ዘመን ኮሚክ ለልጆች የሚገዛ፣ ተነቦ የሚጣል ርካሽ ነገር ነበርና የሚያስቀምጠው ሰው አልነበረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ አስተዋጽኦ እንዲሆን በየቤቱ ሲሰበሰብ እጅግ ብዙው አብሮ ሄዷል። ከዚያ የተረፈውም ቢሆን ከእንጨት ፍጭ በተሠራ አሲዳማ የጋዜጣ ወረቀት ላይ የታተመ በመሆኑ በራሱ ጊዜ እየበለዘና እየተሰባበረ ይሄዳል። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን ያገኘ ሰው ከፍቶ አያነበውም፤ ደረጃ ሰጪ ድርጅት ዘንድ ልኮ፣ ከ0.5 እስከ 10 ባለው መለኪያ ነጥብ አሰጥቶ፣ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ ያስቀምጠዋል። ሊነበብ የታተመ መጽሔት ሽፋኑ ብቻ የሚታይ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው።

ታሪኩን ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው በእርግጥ ፋክሲሚሊ አያስፈልገውም። የስፓይደርማን የመጀመሪያ ታሪክ በብዙ የስብስብ ጥራዞች ውስጥ ይገኛል፤ በስልክም ይነበባል። ይሁን እንጂ በጥራዙ ውስጥ የሚገኘው ታሪኩ እንጂ እትሙ አይደለም። «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15ን ለአብነት እንውሰድ። ነሐሴ 1962 የሚል ቀን ያለው ይህ ባለ 12 ሳንቲም መጽሔት የያዘው የጸሐፊው ስታን ሊና የሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ስፓይደርማን 11 ገጽ ብቻ ነው። የቀሩት ገጾች ዲትኮ የሣላቸው ሦስት አጫጭር የምናብ ታሪኮች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስለ አንድ ደወል ደዋይ፣ ሌላው ከማርስ መጡ ስለሚባሉ ፍጡራን ይተርካል። በስፓይደርማን ጥራዞች ውስጥ እነዚህን የሚያስገባ አሳታሚ የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ስፓይደርማን የለባቸውም። ሆኖም እነርሱን ያላየ አንባቢ፣ ያ ጀግና የተወለደው የራሱ መጽሔት ተዘጋጅቶለት ሳይሆን አላዋጣ ብሎ ሊዘጋ በተቃረበ የአጫጭር ታሪኮች መጽሔት መጨረሻ ቁጥር ላይ መሆኑን አይረዳም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የአዘጋጁን መልእክት ያጣል። በዚያው እትም ውስጥ ለአንባቢያን የተጻፈ አንድ ማስታወሻ አለ፤ ቀደም ሲል በመጽሔቱ ስም ውስጥ የነበረው ለአዋቂዎች መሆኑን የሚያመለክት ቃል መውጣቱን ካስረዳ በኋላ፣ ስፓይደርማን ከእንግዲህ በየወሩ በዚሁ መጽሔት ላይ እንደሚወጣ ተስፋ ይሰጣል። ተስፋው አልተፈጸመም። «አሜዚንግ ፋንታሲ» በዚያው ቁጥር ቆመ፣ ስፓይደርማንም የተመለሰው መጋቢት 1963 የሚል ቀን ባለው በራሱ መጽሔት ነው። አንዱን ገጽ ታሪክ ሠሪ እያልን የምናደንቀው እኛ ነን፤ በጊዜው ግን አሳታሚው ራሱ ነገ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ይህን የሚመሰክረው ደግሞ ማንም ለጥራዝ የማይመርጠው ያ የማስታወሻ ገጽ ነው። በእኔ ግምት የፋክሲሚሊ እትም ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በኋላ ዘመን የመጣ አዘጋጅ ዋናውንና ትርፉን ሳይለይ ሁሉንም አንድ ላይ ይሰጠናል።

ሌላው ጥሩ ምሳሌ ኅዳር 1974 የሚል ቀን ያለው «ዘ ኢንክረዲብል ሃልክ» ቁጥር 181 ነው። ወልቨሪን የተባለው ዝነኛ የማርቭል ጀግና በቁጥር 180 የመጨረሻ ሥዕል ላይ ብቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ታሪኩ የገባው በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ በ25 ሳንቲም የተሸጠው መጽሔት ዛሬ እጅግ ተፈላጊ ነው። ማርቭል በዚያ ዓመት ልጆች ቆርጠው ደብተር ላይ እየለጠፉ 100 እስኪሞሉ የሚያጠራቅሟቸውን ትንንሽ ቴምብሮች በመጽሔቶቹ የደብዳቤ ገጽ ላይ ያትም ነበር፤ በቁጥር 181 የወጣውም ሻና የተባለችው ጀግና ምስል ያለበት ቴምብር ነው። በመቀስ ያወጡት ልጆች አሳታሚው የጠየቃቸውን ነበር ያደረጉት፤ ዛሬ ግን ያ ክፍት ቦታ የመጽሔቱን ዋጋ ክፉኛ ይጥለዋል። ስለዚህ ኦሪጂናሉን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቴምብሩ አለ ወይ?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነገሩ ምን ይመስል እንደነበር፣ የት ገጽ ላይ፣ በምን መጠን እንደተቀመጠ አይቶ ለማወቅ ፋክሲሚሊውን አጠገቡ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። መቁረጥ ያማረውም ከፋክሲሚሊው ላይ ያለ ሥጋት መቁረጥ ይችላል።

ማስታወቂያዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ዓለም ናቸው። ቀጫጫውን ልጅ ጡንቸኛ አደርገዋለሁ የሚለው ቻርልስ አትላስ፣ በፖስታ የሚላኩት «የባሕር ዝንጀሮዎች» የተባሉ ጥቃቅን የውኃ ፍጥረታት፣ ግድግዳ አሳልፎ ያሳያል የተባለው መነጽር፣ ሁሉም ኩፖንና አድራሻ ይዘው እንደነበሩ ይታተማሉ፤ ዛሬ ኩፖኑን ሞልቶ ቢልክ የሚመልስለት የለም። ከ1954 በኋላ በወጡት ሽፋኖች ላይ ደግሞ የኮሚክስ ኮድ የተባለው የይዘት ተቆጣጣሪ አካል ማኅተም ይታያል። ማርቭል ያንን ሥርዓት የተወው በ2001፣ ዲሲ ደግሞ በ2011 ቢሆንም፣ በፋክሲሚሊው ሽፋን ላይ ማኅተሙ አሁንም በቦታው ነው።

እንዲህ ያለውን እትም ማዘጋጀት ከውጭ ሲታይ ከፎቶ ኮፒ የተለየ አይመስልም፤ ሥራው ግን አስቸጋሪ ምርጫዎች አሉበት። አብዛኞቹ የጥንት ኮሚኮች የታተሙባቸው ፊልሞችና የሠዓሊዎቹ የመጀመሪያ ሥዕሎች በአሳታሚው እጅ ስላልቆዩ፣ መነሻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ራሱ የታተመው መጽሔት ነው። ከኮምፒውተር በፊት በነበረው ጊዜ ግሬግ ቲክስተን የተባለ የኮሚክ ባለሙያ ቀለሙን ከገጹ ላይ በኬሚካል አንጽቶ ጥቁሩን መስመር ብቻ የሚያስቀር ዘዴ ፈጥሮ ነበር፤ ዘዴው ለእንደገና ኅትመት ጥሩ መስመር ይሰጣል፣ ነገር ግን አንድ አሮጌ ቅጂ በየጊዜው ይሠዋለት ነበር። ዛሬ ገጾቹ በስካነር ተነሥተው በኮምፒውተር ይጸዳሉ፤ ወይም ቀደም ብሎ ለስብስብ ጥራዝ ተብሎ የተጸዳው ፋይል ይወሰዳል። ጥያቄው የቱ ድረስ ይጽዳ የሚለው ነው። የበለዘው ወረቀት ይንጣ ወይስ እንደበለዘ ይታተም? ከመስመር ውጭ የፈሰሰው ቀለም ይታረም? የያኔዎቹ ቀለም ቀቢዎች ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦችን ሲያቀናጁ፣ የጋዜጣው ወረቀት ቀለሙን መጥጦ እንደሚያደበዝዘው አስበው ነበር። ያው ቀለም ዛሬ በነጭና በለስላሳ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ዓይን ይወጋል፤ ሰማዩም፣ የጀግናው ልብስም ከተፈለገው በላይ ይጮኻል። በአብዛኞቹ ፋክሲሚሊዎች ላይ የሚነሣው ቅሬታም ይኸው ወረቀት ነው። አንዳንድ አንባቢዎች ጥርት ያለውን ይመርጡ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደነበረ እናትማለን ያለ አሳታሚ ለወረቀቱም ቢጨነቅ ደስ ይለኛል።

ስሙ በቅርቡ ይስፋፋ እንጂ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1966 ጎልደን ሬከርድስ የተባለ ኩባንያ የስፓይደርማንን ቁጥር 1 ጨምሮ የተወሰኑ የማርቭል እትሞችን ታሪኩን ከሚያሰማ ሸክላ ጋር አድርጎ አሳትሟል። ማርቭል በ1990ዎቹ በሽፋኑ ዙሪያ የብር መልክ ያለው ጠርዝ አድርጎ፣ ዲሲም በ2000 ሚሌኒየሙን ምክንያት አድርጎ ወርቃማ ምልክት እያተመ ቁልፍ ቁጥሮችን አውጥተዋል። ከሁሉም ግን ብዙ መዘዝ ያመጣው ዲሲ ከ1974 ጀምሮ «ፌመስ ፈርስት ኤዲሽን» በሚል ስም ያወጣው ተከታታይ ነው። «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1ን በትልቅ መጠን፣ በግምት 25 በ34 ሴንቲሜትር አድርጎ በ1 ዶላር ሸጠ። ከውጭ እንደገና ኅትመት መሆኑን የሚናገር ወፍራም ሽፋን ነበረው፤ ያ ሽፋን ሲገነጠል ግን ከውስጥ የ1938ቱ ሽፋን ከ10 ሳንቲም ዋጋው ጋር ቁጭ ብሎ ይገኛል። አታላዮች ይህን ለመጠቀም አልዘገዩም። ውጭውን እያነሡ ውስጡን ኦሪጂናል ነው ብለው ሸጡ፤ የሰብሳቢዎች የዋጋ መመሪያም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ ሲያትም ኖሯል። ማጭበርበሩ የሚታወቀው በሜትር ነው፤ የ1938ቱ መጽሔት ወደ 20 በ27 ሴንቲሜትር ብቻ ይሰፋ ነበርና።

በፋክሲሚሊና በፎርጅድ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ኦሪጂናሉን ለመምሰል ይጥራሉ፤ ፋክሲሚሊው ግን ባለመብቱ ያሳተመው ሲሆን ማንነቱን የሚናገር ምልክት ይዟል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም በአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገኘ ባለ 12 ሳንቲም ኮሚክ በእጁ የገባ ሰው፣ ከመደሰቱ በፊት በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ወይም በሽፋኑ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የኅትመት መረጃ ያንብብ፤ አዲሱ ዓመትና የእትሙ ዓይነት እዚያ ሰፍሯል። ባርኮድ ካለውም ነገሩ አብቅቷል፤ ባርኮድ በአሜሪካ ኮሚኮች ሽፋን ላይ መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነውና በ1962 እትም ላይ ሊኖር አይችልም። ሽታውና አነካኩም ይረዳል። የ60 ዓመት የጋዜጣ ወረቀት ጠርዙ ይበለዛል፣ የሽቦ ስፌቱ ይዝጋል፤ የትናንቱ ግን እንደ አዲስ መጽሔት ያንሸራትታል።

ከዚሁ ጋር ሁለተኛ ኅትመትን ከፋክሲሚሊ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ኮሚክ በወጣ በሳምንታት ውስጥ አልቆ እንደገና ሲታተም ያ ሁለተኛ ኅትመት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሽፋኑ ቀለም ይለወጣል። የስብስብ ጥራዝ ደግሞ ታሪኮችን ብቻ ይይዛል።

ፋክሲሚሊ ለትርፍ የሚገዛ ነገር ነው ወይ? ማርቭል በ2019 ያወጣቸው ብዙዎቹ 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጡ ነበር፤ አሳታሚው ተፈላጊ ሆኖ ካገኘው አንዱን ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ያትመዋል። እንደልብ ሊታተም የሚችል ነገር ብርቅ አይሆንም። ይህም ሆኖ ፋክሲሚሊውን ራሱን ደረጃ አሰጥተው በፕላስቲክ የሚያሽጉ ሰዎች አሉ፤ ልዩ የሚያብረቀርቅ ሽፋን እየተደረገላቸው የሚወጡትም ለእነርሱ ታስበው ይመስላል። ለማንበብ ተብሎ የታተመውን ምትክ እንደገና ማሸግ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም፤ ነገር ግን ገንዘቡ የእነርሱ ነው።

እስካሁን እነዚህን እትሞች ማውጣት የሚችሉት ባለመብቶቹ ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ በኩባንያ ስም የታተሙ የዚያ ዘመን ሥራዎች የቅጂ መብት 95 ዓመት ስለሚቆይ፣ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ጥር 1 ቀን 2034 የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» ቁጥር 27፣ ማለትም የባትማን መጀመሪያ፣ በዓመቱ ይከተለዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ማተሚያ ቤት የሱፐርማንን የመጀመሪያ 13 ገጾች ከነማስታወቂያዎቹ ማተም ይፈቀድለታል። የሱፐርማን ስምና የደረቱ ምልክት ግን በንግድ ምልክትነት ተመዝግበው ስለሚቀጥሉ፣ ገጹን ማተም የሚችለው ማተሚያ ቤት በሽፋኑ ላይ ምን መጻፍ እንደሚፈቀድለት ጠበቆችን ማነጋገሩ አይቀርም።