ጠብታ መቁጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የነርስነት ተማሪ እያለሁ የመድኃኒት ሒሳብ ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ከባጉ (ከፈሳሹ ከረጢት) በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ እንዳለበት ማስላት ግን ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ተማሪ የሚሳሳተው ቁጥሩን ከመንካቱ በፊት ወይም ከጨረሰ በኋላ ነው። ዋርድ ውስጥ ደጋግሜ የሰማኋቸው እነዚህ ናቸው።

«አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው»

አንዳንዴ ብቻ! የጠብታውን ትልቅነት በዋናነት የሚወስነው ሴቱ (set)፣ ማለትም ፈሳሹ ከባጉ ወደ ታካሚው የሚወርድበት ቱቦ ነው። ለአንድ ሚሊ ሊትር ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ጠብታ አለ፤ ጠብታው ትንንሽ የሆነው ማይክሮ ሴት ደግሞ 60 ነው። የታሸገበት ላስቲክ ላይ ተጽፏል፣ ቀድዳችሁ ከመጣላችሁ በፊት አንብቡት።

ሐኪሙ 1000 ሚሊ ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ብሏል፣ ሴቱም ባለ 20 ነው እንበል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ሲካፈል በደቂቃ 41.7 ጠብታ ይመጣል፤ ግማሽ ጠብታ ስለሌለ 42 በሉት። ሴቱ ባለ 15 ከሆነ 31፣ ባለ 10 ከሆነ 21 ነው። በባለ 10 ሴት 42 ጠብታ ከለቀቃችሁ የ8 ሰዓቱ ባግ በ4 ሰዓት ያልቃል። ልቡ ለደከመ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

«ፎርሙላውን ያልሸመደደ አይችልም»

በሰዓት ስንት ሚሊ እንደሚገባ ካወቃችሁ ይበቃል። ለባለ 20 ሴት በ3፣ ለባለ 15 በ4፣ ለባለ 10 በ6 አካፍሉ። ለማይክሮው ምንም አትንኩ፣ ቁጥሩ ራሱ ነው። ምስጢሩ 60 ደቂቃን በሴቱ ቁጥር ማካፈል ነው። እላይ ያለው ባግ በሰዓት 125 ሚሊ ነው፤ በ3 ሲካፈል ያው 42።

«ዶፓሚን የሲኒየሮች ሒሳብ ነው»

ዶፓሚን የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ሒሳቡን ከባድ የሚያስመስለው መለኪያው ብቻ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ 5 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ታዘዘ። ያ በደቂቃ 300 ማይክሮግራም፣ በሰዓት ደግሞ 18 ሚሊግራም ነው። 200 ሚሊግራም ዶፓሚን 250 ሚሊ ፈሳሽ ውስጥ ካለ አንዱ ሚሊ 0.8 ሚሊግራም ይይዛል። 18 ለ0.8 ሲካፈል በሰዓት 22.5 ሚሊ። ደቂቃውን ወደ ሰዓት፣ ማይክሮግራሙን ወደ ሚሊግራም መቀየር ከረሳችሁ ግን መልሱ ሰማይና ምድር ነው።

«ፓምፕ ካለ ሒሳብ ምን ያደርጋል?»

ፓምፕ (ፈሳሹን በተሞላለት ፍጥነት የሚያስገባው ማሽን) የነገሩትን ነው የሚሠራው። የተሳሳተውንም ጭምር።

«15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ይበቃል»

በ15 ሰከንድ አንድ ጠብታ ብትስቱ በደቂቃ አራት ሆነ። በባለ 20 ሴት ያ በሰዓት 12 ሚሊ ነው። መጀመሪያ ሲሰቀል ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

«አንዴ ካስተካከልኩ አለቀ»

ታካሚው ክንዱን ያጥፋል፣ አልጋው ከፍ ዝቅ ይላል። አስታማሚም አለ፦ «ሲስተር፣ ይቺ ግሉኮስ ቆመች እኮ!» ብለው ሳትደርሱ መቆጣጠሪያዋን ወደ ላይ ያንከባልሏታል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ቶሎ ከገባ ቶሎ የሚሻለው ይመስላቸዋል። ስትሰቅሉ ሁለት ቃል ንገሯቸው። ባጉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት መስመር አስምሩ።

«የዘገየውን ፈጠን አድርጎ ማካካስ ነው»

ከዚያው የ1000 ሚሊ ባግ በመጀመሪያው 4 ሰዓት ውስጥ 500 ሚሊ መግባት ሲገባው 300 ብቻ ገባ። የቀረው 700 ለቀሪው 4 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 175፣ ማለትም በባለ 20 ሴት በደቂቃ 58 ጠብታ ይሆናል። ከ42 ወደ 58 በራስ ሥልጣን አይዘለልም፤ ሲኒየሯን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ። ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበት ባግ ከሆነማ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ፈጥኖ ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል።

«ሰዓቱን ሁሉም ያውቀዋል»

ይሄኛው የራሴ ነው። ቻርቱ ላይ «በ3:00 ተሰቀለ» ብዬ ጻፍኩ፣ የጠዋቱን 3 ሰዓት ማለቴ ነበር። ተረካቢዋ ነርስ በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዳው ከሰዓት 9 ሰዓት አደረገችው። 11 ሰዓት ላይ የሚያልቀው የ8 ሰዓት ባግ እስከ ሌሊት 5 የሚቆይ መሰላት። ስትደርስ ባጉ ደርቋል፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባችው ቀጭን ቱቦ) ውስጥ ደም ረግቷል። እንደገና የተወጉት እማማ በማግስቱ ያኮረፉት ግን እኔን ነበር።