ንጉሥ ዙፋኑን ሲለቅ አርማው የማን ይሆናል?

ንጉሥ ዙፋን ሲለቅ አርማውንም እንደ ካፖርት ደርቦ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የንጉሡ አርማ የሰውየው ሳይሆን የዘውዱ ነው፤ ዘውዱን ተከትሎ ይሄዳል።

ኤድዋርድ 8ኛን እንይ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1936 አሜሪካዊቷን ዋሊስ ሲምፕሰንን ለማግባት ብሎ ዙፋኑን ሲለቅ፣ አርማው በዚያው ለወንድሙ ለጆርጅ 6ኛ ሆነ። ታዲያ ኤድዋርድ የዊንድሰር መስፍን ሲባል ባዶ እጁን ቀረ? አልቀረም። ያንኑ አርማ ያዘ፣ ግን አርማው ላይ ካለው ጋሻ አናት ላይ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ የመሰለ ነጭ ምልክት ተጨመረበት። ይህ ምልክት የንጉሥ ቤተሰብ አርማ ከራሱ ከንጉሡ እንዲለይ የሚደረግ ነው፤ ኤድዋርድ አልጋ ወራሽ ሳለም ነበረው፣ ያኔ ግን ምንም ያልተሳለበት ነጭ ነበር። አሁን መካከለኛው ጥርስ ላይ ዘውድ ተሳለበት። ዘውዱን በገዛ እጁ ለተወ ሰው ዘውድ መሳል ሽሙጥ ሊመስል ይችላል፣ እኔ ሳየው ግን «አንዴ ነግሦ ነበር» የሚል ነው የሚመስለኝ።

ስፔን ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አባቱ ኹዋን ካርሎስ ዙፋኑን ለቆ ፌሊፔ 6ኛ ሲነግሥ የራሱን አርማ አወጣ፤ በአባቱ አርማ ላይ የነበሩት ቀንበር፣ ፍላጻዎችና የቡርጎኝ መስቀል (የX ቅርጽ ያለው መስቀል) እሱ ጋ የሉም።